ባዳ ጆሮ

በዩትላንድ ምዕራብ ዳር፣ አሸዋው በሚጨስበት፣
ዝናቡ ቀጥ ብሎ ሳይሆን በጎን በሚጋረፍበት፣
ምሰሶ ተከልሁ፤ ቁመቱ አራት ሜትር፤
በሦስት ሽቦ ወጠርሁት፣ ነፋስ እንዳይጥለው ሲዞር።
በጫፉ ላይ ጆሮ ሰቀልሁ፣
የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል።

ሽፋኑ ብረት ነው፤ ግን ብረት አትለውም፣
ከሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል፤ ጣት አይነካውም።
“እስትንፋስህን ያዝ” አልሁት ማልተን፣ ተለማማጁን፣
“ክዳኑን ስትፈታ አዙር ፊትህን።
ላብህ ጨው ነው፤ ጨው እዚህ ከገባ
ያልተባለው ይሰማል፣ የተባለው ይጠፋል።
ከጀርባው ሌላ ብረት አለ፣ የፀጉር ሩብ በማይሞላ ርቀት፣
ሳይነካካ የሚኖር፣ እንደ ተኳረፈ ጎረቤት።
በመሃላቸው ሁለት መቶ ቮልት ቆሞ ይጠብቃል፤
ነፋስ ቢያፏጭ፣ በር ቢንቋቋ፣ ያ መሃል ይተነፍሳል።
ገመዱን አታጥብቀው፣ እንደ ሆድ ይንጠልጠል፤
ውኃው ከታች ይንጠብጠብ፣ መሰኪያው ጋ አይቀላቀል።
ስፖንጁን አልብሰው፤ እሾሁን ደግሞ አትርሳ፣
የባሕር ወፍ አንዴ ካረፈች ዙፋኗን ትታ ላትነሣ።”

ዶርቴአ በመስኮት ታየናለች። ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣
እጆቿ ተጣጥፈው በሹራቧ።
ሦስት ክረምት ጽፋለች፣ ለወረዳው፣ ለኩባንያው፦
“ሌሊት ሌሊት ተርባይኑ ያጉረመርማል፤ አልጋዬ ድረስ ነው የሚመጣው።”
ሦስት ክረምት መለሱላት፣ በማኅተም፣ በቁጥር፤
ሰሚ ያጣ ጩኸት፣ በፋይል ሲደረደር።

በየወሩ መጣሁ። ካሊብሬተሬ አንድ ቃል ብቻ ታውቃለች፣
ዘጠና አራት ዴሲቤል፤ ሁልጊዜ እሷኑ ትላለች።
“ስንት አልሁህ?” ብላ ጆሮውን ታስምለዋለች።
ኖቬምበር፣ ዘጠና አራት።
ዲሴምበር፣ ዘጠና አራት።
የጃንዋሪ ማዕበል መንገዱን በላው፤ አልመጣሁም።
ሪፖርቱ ግን ወጣ፤ ቁጥር መንገድ አያስፈልገውም፦
አርባ ሦስት ነጥብ አራት። ወሰኑ አርባ አራት።
“ከሕግ በታች” ተባለላት።

በፌብሩዋሪ ደረስሁ። በሩ ላይ ጠበቀችኝ፦
“ያ ብረትህ ጉንፋን ይዞታል” አለችኝ።
ሳቅሁ።
ማልተም ሳቀ፣ እኔን አይቶ።

ስፖንጁን አወለቅሁ፤ ካሊብሬተሬን አጠለቅሁ።
ዘጠና ሦስት ነጥብ አንድ።
ባትሪ ቀየርሁ። የአየሩን ግፊት አሰላሁ። እጄን አሞቅሁ።
ዘጠና ሦስት ነጥብ አንድ።

እርጥበት መጣጩን ፍሬ አየሁት፤ ሰማያዊ ነበረ ስተክለው፤
ዛሬ ሮዝ ሆኗል፣ ጠጥቶ ጠግቦ፣ ሌላ ጠብታ የማይችለው።
ጨዉ በሽፋኑ ዳር ቅርፊት ሠርቷል፤ አንዲትም ሸረሪት
ስፖንጁ ውስጥ ጎጆ ቀልሳ ክረምቱን አሳልፋበት።

ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ። ይኼን ያህል ነው የጎደለው፣
ሰው በሁለት ጆሮው የማይለየው።
መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ደመርሁ፤
ሦስቱንም ጊዜ ወሰኑን ተሻገርሁ።
ግን ከየትኛው ሌሊት ጀምሮ? ሸረሪቷ አትመሰክር፣
ሮዙ ፍሬ ቀን አይቆጥር።
“አይታወቅም” ብዬ ጻፍሁ፣ ከዲሴምበር ወዲህ ያለውን ሁሉ።
እጄ ከብዶት ነበር። ስሜን ከሥሩ ፈረምሁ።

አዲሱን ጆሮ ስተክል “እኔም ልስማበት” አለች።
ማዳመጫውን አጠለቅሁላት፤ ዓይኗን ጨፈነች።
ባሕሩ መጣላት፤ የአጥሯ ማጠፊያ፤
የማልተ ጫማ በጠጠሩ ላይ፤
ውሻዋ ሲያዛጋ።
ፈገግ አለች። ቆይታ ግን ራሷን ነቀነቀች፦
“ይኼ ደጁ ነው። የኔው እዚህ ነው” ብላ ደረቷን ነካች።

ጆሮስ ለባለቤቱም ባዳ ነው፤
እኔ በሰው ደጅ የሰቀልሁት ለማን ዘመድ ሊሆነው?

ማልተ ገመዱን አላላ፤ ሆድ ሰጠው እንደ ነገርሁት።
እኔ አዲስ ፍሬ ሞላሁ፣ ሰማያዊ። ቀኑን ጻፍሁበት።
ካሊብሬተሯ ያቺኑ ቃሏን አለች።
ዘጠና አራት።
ውሻው አንገቱን ቀለሰ፣ ጆሮውን አቆመ።
ዶርቴአ ምንም አልሰማችም።